ደሴተኛ አይግደረደርም

ጋሪዋ ወደ ወደቡ የሚወስደውን ቁልቁለት እየተንገጫገጨች ስትወርድ፣ አዛዡ እንደገና ግራ ትከሻቸውን ዳበሱ።

«እጅህን!» አለች እማማ ሳሙና። ከበቅሎዋ ጎን እየተራመደች ነው፤ ዞር ብላ እንኳ አላየቻቸውም።

«ደግሞ ምን አደረግሁ?»

«ትከሻህን ነካህ። ምን አለ እዚያ? ደሴተኛ ትከሻውን የሚነካው ቁንጫ ሲበላው ብቻ ነው።»

አዛዡ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ዕድሜ ልካቸውን ነጭ መደረቢያ በግራ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው የኖሩ ሰው ናቸው። ዛሬ የለበሱት ወገብ ላይ የምትቀር አጭር ኮት ናት፤ ደረቷ በሙሉ የነሐስ ቁልፍ ነው። ከታች ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር ሰፊ ሱሪ፣ ከዚያም ሶሉ እንጨት የሆነ፣ ሲራመዱበት ሰፈር የሚቀሰቅስ ጫማ። ራሳቸው ላይ ጠፍጣፋ ባርኔጣ ተደፍታለች። ደሴተኛ ባርኔጣውን ለንጉሥም አያወልቅም፣ ሊተኛ ሲልም ያንገራግራል ይባላል።

ከጎናቸው፣ ለመርከቡ በሚወሰደው ንጹሕ አንሶላ ክምር ላይ፣ ዳኛው ተቀምጠዋል። እሳቸውም እንዲሁ ለብሰዋል፤ ልዩነቱ ሆዳቸው ከኮቱ ስለሚበልጥ የመጨረሻዋ ቁልፍ ጭንቅ ላይ መሆኗ ነው። በሁለቱ መካከል ምራቲቱ አለች፤ ለዳኛው ልጅ፣ ለአዛዡ የልጃቸው ሚስት። ቀይ ሻሽ ግንባሯ ላይ ቋጥራ፣ ባለ መስመር ሽርጥ ከሆዷ በላይ አስራለች። ወሯ ገብቷል። ጋሪዋ በተንገጫገጨች ቁጥር ሁለቱ ሽማግሌዎች እኩል እጃቸውን ይዘረጉላትና እኩል ይሰበስባሉ፤ ደሴተኛ እርጉዝ አይደግፍም ተብለዋልና።

የዚያን ጦርነት ታሪክ የጻፉ ሰዎች ስለ መድፉም ስለ ድንበሩም ብዙ ብለዋል፤ እግዜር ይስጣቸው። ጦርነቱ ሲታወጅ ዓይን ለመታከም ጠላት አገር ሄደው ስለተገኙት ሰዎች ግን ትንፍሽ ያለ የለም። ይህ ምዕራፍ የእነሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የአዛዡን ዓይን ሞራ ጋረደው። ሞራ የሚገፍ ሐኪም የሚገኘው ባሕር ማዶ፣ በዚህ ወደብ ከተማ ነው። ልጃቸው ድልድይ እየሠራ ስለነበር አብሯቸው መሄድ አልቻለም፤ የወደቡን ቋንቋ የተማረችው ምራታቸው እየመራች ልትወስዳቸው ተነሣች። ያኔ ጽንሱ ገና አልታወቀም ነበር። ዳኛው ይህን ሲሰሙ «የልጄ አማት ታመው ሲሄዱ እኔ ቤቴ ልቀመጥ? ሰው ምን ይለኛል?» ብለው ሻንጣቸውን አዘጋጁ። «ኧረ አይድከሙ» አሉ አዛዡ። «ኧረ ምን ድካም አለው» አሉ ዳኛው። እንዲህ ሲባባሉ መርከቡ ሊያመልጣቸው ምንም አልቀረውም ነበር።

ሐኪሙ ሞራውን ገፈፈ፤ አዛዡ አዩ። ዓይናቸው እስኪጠና ወራት ቆዩ። ሊመለሱ ሲሰናዱ ጦርነቱ ታወጀ። የአገራቸው ሰው የተባለ ሁሉ፣ ነጋዴ ተማሪ ሳይባል፣ በከተማው ዳር ወዳለው የጨው መጋዘን ይጋዝ ጀመር። የመጋዘኑ ግድግዳ ውሃ ያዣል፤ መኝታው መሬት ነው፤ አዋላጅ የለም። ጦርነቱ መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ የሚያውቅ አልነበረም። ምራቲቱ ከሰማች ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለችም። ልጇን እዚያ፣ በእርጥብ ጨው ላይ መውለድ አልፈለገችም፤ ፈራች፣ በጣም ፈራች። ዛሬ ጦርነቱ ውስጥ ያልገቡት ደሴተኞች የመጨረሻ መርከብ ይነሣል፤ በእነ አዛዡ አገር በኩል ያልፋል። ከእሱ በኋላ ወደቡ ይዘጋል።

ተከራይተው የተቀመጡት ከእማማ ሳሙና ልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ባለው ክፍል ነበር። ደሴተኛ ናት፤ መርከበኛ ባሏ ሞቶባት እዚሁ የቀረች። አንቱ ሲሏት «ስንት ነኝ?» ብላ ስለምትቆጣ እኛም አንቺ እንላታለን። ለምን እንደረዳቻቸው ብትጠየቅ «አንሶላቸውን አጥፈው የሚመልሱልኝ ተከራዮች እነሱ ብቻ ናቸው» ትላለች። እውነቱ ግን ምራቲቱ ስታለቅስ በጣሪያው በኩል ሰምታት ነው።

«ልብሱ ቀላል ነው» ትል ነበር ስታሠለጥናቸው። «ልብስ ማንም ይለብሳል። ችግሩ ውስጡ ያለው ሰው ነው።»

ሥልጠናው የሚካሄደው በጋኖቹና በልብስ ማስጫ ገመዶቹ መካከል ነው። በመንገድ መካከል እጅን ኪስ ከትቶ መሄድ። ጮኾ ማውራት። «ደህና ነህ?» ሲባሉ «ደህና» ብሎ ዝም ማለት፤ የጠያቂውን እናት፣ ልጅና ከብት አለመጠየቅ።

«ዳቦ ስሰጥህ ምን ትላለህ?» አለቻቸው ዳኛውን።

«ኧረ ይቅርብኝ፣ አሁን ነው የበላሁት» አሉ ዳኛው፣ ከጠዋት ጀምሮ ምንም ሳይቀምሱ።

በእርጥብ ፎጣ እጃቸውን ቸብ አደረገቻቸው። «ደሴተኛ አይግደረደርም! ሲሰጡት ይወስዳል። ሳይሰጡትም ይወስዳል።»

«እኔ እኮ ዳኛ ነኝ።»

«ዳኝነትህን አጥቤ አሰጣዋለሁ። እንደገና!»

አዛዡ በአንጻሩ ዳቦውን መንጠቅ ቶሎ ለመዱ፤ ወታደር ዘማች ነውና ስንቅ ላይ ቀልድ አያውቅም። ሁለቱንም ያቃታቸው የበር ነገር ነበር።

በእነሱ አገር በር ላይ ቀድሞ መግባት እኔ እበልጣለሁ እንደማለት ነው፤ በአማቾች መካከል ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የልጆቻቸው ሠርግ ዕለት ሁለቱ አባቶች ከድግሱ አዳራሽ በር ላይ እኩል ደረሱ። «ይለፉ» «በፍጹም» «ኧረ ይለፉ» «እርስዎ እያሉ?» ሲባባሉ ወጡ ቀዘቀዘ፤ ሙዚቀኛው የሚያውቀውን ዘፈን ጨርሶ ከመጀመሪያው ጀመረ። በመጨረሻ ሙሽራው መስኮት ከፍቶ አንዳቸውን በዚያ በኩል አስገባ ይባላል፤ በመስኮት የገቡት የትኛው እንደሆኑ ግን ሁለቱም ወገኖች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እማማ ሳሙና በማጠቢያ ቤቷ በር ላይ ሙሉ ከሰዓት አለማመደቻቸው። ከሌላ ሰው ጋር ሲሆኑ ያልፋሉ፤ እርስ በርሳቸው ሲገጥሙ ግን እግራቸው ይተሳሰራል። «እንግዲህ አንድ ላይ በር ላይ አትድረሱ» ብላ ተወችው።

አሁን ጋሪዋ ከወደቡ አደባባይ ደረሰች። አደባባዩ ሰው በሰው ነው። የከተማው ሰዎች ጥቁር ለብሰው፣ ግድግዳ ታክከው፣ ከደረት ኪሳቸው ሰዓት እያወጡ ያልፋሉ። ከሰሜን የመጡ መንገደኞች በጠራራ ፀሐይ ካፖርት ደርበው ላባቸውን ይጠርጋሉ። ከበረሃው ማዶ የመጡት ደግሞ አንዱ ሲቆም ሁሉም ይቆማሉ፤ አንዱ ሲስቅ ሁሉም ይስቃሉ።

ዳኛው ይህን እያዩ በጣም ተደሰቱ። «አቤት የሰው ጉድ! ሁሉም የየአገሩን ጉድ ተሸክሞ ነው የሚሄደው። እኛ ግን ይኸው፣ እንዲህ ጎልቶ የሚታይ ነገር የለንም።» ይህን ሲሉ ሳቃቸው መጣና አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

«አፍህን!» አለች እማማ ሳሙና።

በቅሎዋን አቆመችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አሁን ስሙኝ። በሩ ላይ ያለውን ሰው ወንፊት ነው የሚሉት። ወረቀት ይገዛል ብሎ ወረቀት አያይም፤ ሰው ነው የሚያየው። ትናንት የእናንተን አገር መድኃኒት ነጋዴ እንዴት እንደያዘው ታውቃላችሁ? ልብሱ እንከን አልነበረውም። ግን የክፍሉ ጠራጊ አሮጊት ስትገባ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላት። በቃ፣ መጋዘን። ወንፊት የደሴቱን ቋንቋ አያውቅም፤ እንግዳ ሁሉ የወደቡን ቋንቋ እኩል ስለሚሰባብረው በአነጋገር አይለያችሁም። በጠባይ ነው። እኔ ከዚህ አላልፍም፤ አንሶላውን የማስገባው በጎን በኩል ነው።»

ምራቲቱ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። እማማ ሳሙና ጀርባዋን መታ መታ አድርጋ አላቀቀቻት። «ሂጂ። ደሴተኛ ሲሰናበት አያለቅስም» አለችና፣ በሽርጧ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች በቅሎዋን ጎተተች።

የፍተሻው ክፍል ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ የአሳና የሬንጅ ሽታ ያለበት ነበር። በአንድ በኩል የገቡበት ሰፊ በር አለ። በሌላ በኩል ወደ መርከቡ የሚያወጣ፣ ሰው አንድ በአንድ ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ በር ተከፍቷል፤ በእሱ በኩል የመርከቡ ጎንና የመሳፈሪያው ሳንቃ ይታያል። በሁለቱ በሮች መካከል፣ ከጠረጴዛ ኋላ፣ ወንፊት ተቀምጧል። ቀጭን ሰው ነው፤ ሥራውን የሚወድ ሰው ፊት አለው። ከፊቱ ማኅተምና አንድ ሳህን የደረቀ በለስ ተቀምጧል።

«ግቡ፣ ግቡ» አለ ወደ አግዳሚው እየጠቆመ። ዓይኑ ቀድሞ የሄደው ወደ ጫማቸው ነው፤ ቀጥሎ ወደ እጃቸው። የአዛዡ እጅ ኪሳቸው ውስጥ ነበር። «መንገድ እንዴት ነበር? ቤተሰብ ደህና ናቸው?»

አዛዡ የጠያቂውን ቤተሰብ ለመጠየቅ አፋቸው ድረስ መጥቶ ነበር። ዋጡት። «አሉ» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ወንፊት የበለሱን ሳህን ገፋ አደረገው። «ቅመሱ።»

ዳኛው በሕይወታቸው ገና በመጀመሪያ ሲጋበዙ እሺ ብለው አያውቁም። ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ሰደዱና ሁለት አነሡ። ሁለት! ከዚያም ነገሩን ለማጠናከር ሦስተኛውን ኪሳቸው ውስጥ ጨመሩ። ምራቲቱ የአባቷ ጆሮ ከዕፍረት ቀልቶ አየችና ሳቅም ፍርሃትም አንድ ላይ ያዛት። ወንፊት ቅንድቡን አንሥቶ ተወው፤ ደሴተኞች ከዚህ የባሰ ሲያደርጉ አይቷል።

በዚያች ቅጽበት ጠራጊዋ አሮጊት መጥረጊያዋን እየጎተተች ገባች። ጎባጣ ናት፣ ሽበታም ናት፣ ቀና ብላም ሦስቱን አንድ በአንድ አየቻቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች የተቀመጡበት አግዳሚ ሲንቋቋ ተሰማ። ዳኛው በሁለት እጃቸው የአግዳሚውን ጠርዝ ይዘው ራሳቸውን ወደ ታች ተጫኑ። አዛዡ ባርኔጣቸውን ዓይናቸው ላይ ደፉት። ምራቲቱ ደግሞ እግሯን ዘርግታ የአሮጊቷን መንገድ ዘጋችባት፤ አሮጊቷ እያጉረመረመች ዞራ ሄደች። እናቷ ብታያት በዚያው ክው ብላ በቀረች።

ወንፊት ተነፈሰ። ማኅተሙን አንሥቶ ወረቀታቸው ላይ መታው። «ደህና ግቡ። መርከቡ ሊነሣ ነው፤ ፍጠኑ።»

ሲያልቅ አያምር ይባላል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ያን ሁሉ ፈተና አልፈው ደስ ሲላቸው፣ ጭንቅ ሲለቃቸው፣ የተማሩት ሁሉ አብሮ ለቀቃቸው። በደስታ እየተንደረደሩ ከጠባቡ በር እኩል ደረሱ።

ዳኛው ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን አሉ። አዛዡም ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን አሉ።

መጀመሪያ በዓይን ብቻ ነበር። ቀጥሎ ዳኛው እጃቸውን ዘረጉ፤ አዛዡ በሁለት እጅ መለሱላቸው። ከዚያ የማይቀረው መጣ።

«ይለፉ» አሉ ዳኛው በሹክሹክታ።

«በፍጹም።»

«ኧረ ይለፉ።»

«እርስዎ እያሉ?»

ሁለቱም የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር። ግን እንዴት ይሁን? አንዱ ከቀደመ ሌላውን አዋረደ። ማን ያዋርድ? ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማድ ይላሉ፤ ደግ ልማድ ያሳስራል ያለ የለም እንጂ፣ እሱም እውነት ነው።

ከኋላ የወንበር ድምፅ ተሰማ። ወንፊት ማኅተሙን አስቀምጦ ተነሥቷል።

«ቆዩ» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «ቆዩ እስቲ። ምን እያደረጋችሁ ነው?»

ምራቲቱ ከአባቶቿ ኋላ ቆማ ነበር። በትከሻቸው መካከል የመሳፈሪያው ሳንቃ ይታያታል፤ አንድ መርከበኛ ገመድ መፍታት ጀምሯል። ሆዷ ውስጥ ልጁ ተገላበጠ። እርጥቡ መጋዘን ታያት። አማቷን ከተዳረች ጀምሮ ቀና ብላ በዓይናቸው አይታቸው አታውቅም፤ በፊታቸው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ውሃ እንኳ አልለመነችም። አሁን ግን አንድ ነገር ገባት፤ በዚህ ክፍል ውስጥ የአገሯ ምራት ከቶ የማታደርገውን ማድረግ ካልቻለች ልጇ ጨው ላይ ይወለዳል።

በትከሻዋ የአዛዡን ጎን መታችው።

«ውጣ!» ብላ ጮኸች በወደቡ ቋንቋ። «አንተ ደረቅ ሽማግሌ፣ በሩ የአባትህ ነው? ውጣ እንጂ!» በእጇ ደግሞ የገዛ አባቷን የኮት አንገት ይዛ ነቀነቀችው። የዳኛው የመጨረሻ ቁልፍ ያን ጊዜ ተስፋ ቆረጠችና ተፈናጥራ ጠረጴዛው ሥር ገባች። «አንተስ? እንደ ግንድ ትገተራለህ? መርከቡ ጥሎን ቢሄድ በጀርባህ ተሸክመህ ልታሻግረኝ ነው?»

አሮጊቷ እንኳ መጥረግ አቆመች።

«ማን ናቸው ላንቺ?» አለ ወንፊት።

«ይሄ አባቴ ነው። ያ የባሌ አባት ነው፣ ከሰጠ አይቀር እንዲህ ያለውን ሰጠኝ!»

«የባልሽን አባት ነው የመታሽው?»

«ካልወጣ እደግመዋለሁ!»

ወንፊት አገጩን አሸ። ስለ እነ አዛዡ አገር ሰዎች የሚያውቀው ሁሉ አንድ በአንድ በፊቱ ላይ ያልፍ ነበር። የእነሱ ምራት አማቷን ቀርቶ የአማቷን ጥላ አትገፋም። ግን የበሩ ነገርስ? «ታዲያ በሩ ላይ ምን ይገፋፋሉ? እንዲህ ሲደረግ ያየሁት በአንድ አገር ሰዎች ብቻ ነው።»

አፏን የከፈተችው ምን እንደሚወጣው ሳታውቅ ነው።

«ፈርተው ነዋ!» አለች። «ሁለቱም ባሕር ይፈራሉ። ሳንቃው ላይ አንተ ቅደም፣ የለም አንተ ቅደም፣ አንተ ቀድመህ ስጠም እየተባባሉ ነው። ስንመጣም እንዲሁ አዋርደውኛል። ሁለት ፈሪ ይዤ ነው የምዞረው!»

አዛዡን ማንም ሰው፣ በጠላትም በወዳጅም በኩል፣ በዚህ ስም ጠርቷቸው አያውቅም። በሦስት ዘመቻ ፈረሳቸው ከሥራቸው ወድቆ በእግራቸው የተዋጉ ሰው ናቸው። በዚህ ቃል የተነሣ ሰው የገደሉ ሰዎችም አሉ።

ወንፊት ወደ አዛዡ ዞረ። «እውነት ነው?»

አዛዡ ቀና አሉ። መልሰው ኪሳቸው የከተቱት እጃቸው ሲጨበጥ በጨርቁ በኩል ታየ። አዲስ የበሩት ዓይኖቻቸው ወንፊትን አዩ፤ ከዚያ የምራታቸውን ፊት፣ ከዚያ ሆዷን። ዳኛው በልባቸው የሚያውቁትን ጸሎት ሁሉ ጨርሰው ነበር።

«እውነቷን ነው» አሉ አዛዡ በመጨረሻ፣ ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው። «ፈሪ ነኝ። ባሕር ሳይ ጉልበቴ ይከዳኛል።»

ይህን ብለው ፊታቸውን አዙረው፣ ዳኛውን በክርናቸው ገፍተው፣ ከበሩ ወጡ። ዳኛው ተከተሉ። ምራቲቱም ተከተለች፤ ወጥታ ስታበቃ ምንም ሳትሰናበት በሩን ከኋላዋ ጓ አድርጋ ዘጋችው። ከውስጥ የወንፊት ሳቅ ተሰማ። «ደሴተኞች!» አለ ለአሮጊቷ። «እነዚህንስ አገራቸው ይቻላቸው።»

ሳንቃው ተነሣ። መርከቡ አጓራ፤ ከጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ተፋ፤ የወደቡ ድንጋይ ቀስ እያለ ይርቃቸው ጀመር። ሦስቱም የመርከቡን አጥር ይዘው ቆሙ።

በመጨረሻ ምራቲቱ አልቻለችም። እንባዋ እየወረደ ወደ አዛዡ ዞረችና ጉልበታቸው ላይ ልትወድቅ ጎንበስ አለች።

«ቁሚ» አሉ አዛዡ ከጥርሳቸው መካከል። «ወደቡ ገና ያየናል። ደሴተኛ ይቅርታ አይጠይቅም።»

ቆመች። ዳኛው ኪሳቸውን ዳብሰው በለሷን አወጡና ለልጃቸው ሰጧት። ወደቡ አነሰ፤ የመጋዘኖቹ ጣሪያ አንድ ላይ ተደባለቀ፤ ከዚያ ጭጋግ መጣና ውሃ ብቻ ቀረ።

ያኔ አዛዡ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሽበታቸው በነፋሱ ተበተነ።

«ልጄ» አሉ። ከዚያ በፊት «ልጃችን» ወይም «ምራታችን» ይሏት ነበር እንጂ እንዲህ ብለው ጠርተዋት አያውቁም።

«አቤት አባባ። በሩ ላይ ያልኩዎት…»

«አንቺ አይደለሽም፣ እኔ ነኝ የምናገረው። በዚያ በር ላይ ቆሜ መጋዘኑን ረስቼው ነበር። የልጄን ልጅ ረስቼው ነበር። ሰውየው ከኋላዬ ሲነሣ እየሰማሁ፣ ያስጨነቀኝ አባትሽ ከእኔ በፊት ማለፋቸው ነበር። አንቺ ባትመቺኝ ኖሮ አሁንም እዚያው ነበርኩ። ባሕር አልፈራም። ዛሬ ግን ራሴን ፈራሁት። ይቅር በይኝ።»

በእነሱ አገር ሽማግሌ ይቅርታ ሲጠይቅ ምን እንደሚደረግ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ብድግ ይባላል፤ «ኧረ በሞቴ! ምን በድለውኝ!» ይባላል፤ አፋቸው ተይዞ ቃላቸው ሳያልቅ ይቋረጣል። ዳኛው ልጃቸው ይህን እንድትል ጠብቀው ቀድመው እጃቸውን ለማገላገል ዘርግተው ነበር።

ምራቲቱ አላለችም። በዚያ በር ላይ ምን ያህል እንደፈራች አስታወሰች፤ ይህ ፍርሃት ምንም እንዳልነበረ ተብሎ እንዲያልፍ አልፈለገችም። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ የአማቷን ዓይን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አየች።

«ይቅር ብዬዎታለሁ፣ አባባ» አለች።